ለእኛስ ምን ተዘፈነ?

የቤተሰብ ዓምድ



ባለፉት ሳምንታት በዚህ ዓምድ ስለ ሕፃናት አመጋገብ፣ ስለ ደመወዝ አያያዝና ስለ ጉርብትና ስንወያይ ቆይተናል። የዛሬው ርእሳችን ከአንድ ጥያቄ የተነሣ ነው። ጥያቄውን ያቀረቡልን የአንድ ሃምሳ አለቃ ባለቤት ሲሆኑ፣ ተጠያቂዎቹም ሌሎች ሳይሆኑ ይህን ዓምድ የምናዘጋጀው እኛው ነን። ስለዚህ ጥፋታችንን ሳንሸሽግ ነገሩን ከመነሻው እንተርካለን።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ሻምበል ከሠፈራችን ወደ ግዳጅ በሚንቀሳቀስበት ዋዜማ የሽኝት ምሽት ተዘጋጅቶ ነበር። መርሐ ግብሩን መርምሮ የማጽደቅ ኃላፊነት የእኛ ነበር። የኪነት ቡድኑ ባቀረበልን ዝርዝር ውስጥ የሰልፍ መዝሙር፣ ሽለላ፣ ፉከራና ቀረርቶ ሰፍረው ነበር፤ በመካከሉም መሰንቆ ተጫዋቹ ያዘጋጀው አንድ ትዝታ ነበረበት። ብዕራችንን አንሥተን ትዝታውን ሠረዝነው። ነገ ለግዳጅ የሚነሣ ወታደር ዛሬ ማታ ስለ ናፍቆት ቢዘፈንለት ልቡ ይላላል የሚል ጽኑ እምነት ነበረን። በወታደራዊ አካዳሚ በነበርንባቸው ዓመታትም ቢሆን ሙዚቃ ወኔ ቀስቃሽ መሆኑን ተረድተን ወጣን እንጂ ከዚያ የሚበልጥ ሥራ ይኖረው እንደሆነ ቆም ብለን አላሰብንበትም።

ምሽቱ የሠመረ መሰለን። ከበሮው ተመታ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ወጣቶቹ እየዘለሉ ፎከሩ። በስተኋላ በኩል ሕፃናት አቅፈው የተቀመጡት ባለቤቶቻቸው ግን ከማጨብጨብ በቀር ድምፅ አላሰሙም። ያን ጊዜ ነገሩን ልብ አላልነውም። በማግስቱ መኪኖቹ ተንቀሳቅሰው አቧራው ሲበርድ፣ እኒህ ወይዘሮ ልጃቸውን አዝለው ወደ ቢሯችን መጡ። ወንበር ብንሰጣቸውም አልተቀመጡም።

«መቶ አለቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አሉን። «ትናንት ማታ ለባሎቻችን ተዘፈነ፤ ደግ ነው፣ ይገባቸዋል። ለእኛስ ምን ተዘፈነ?»

መልስ አልነበረንም። ዝም ማለታችንን ሲያዩ ቁጣ ሳይጨምሩ ስለ ልጅነታቸው አጫወቱን። ወላጆቻቸው በ1970ዎቹ ዓመታት ወደ ሱዳን ከተሰደዱት አያሌ ኢትዮጵያውያን መካከል ነበሩ። እርሳቸውም የተወለዱትና ያደጉት በካርቱም፣ ብዙ የሀገራችን ሰዎች በኖሩበት ዴም በሚባለው ሠፈር ነው። ጎረቤታቸው የነበሩ አንዲት አሮጊት ሱዳናዊት፣ ባላቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዘመተ ወታደር ነበር። አሮጊቷ ወጥ በሚሠሩበት ሰዓት፣ በዚያ ዘመን ለዘማቾች የተዘፈነ አንድ የቆየ ዘፈን ሁልጊዜ ያንጎራጉሩ ነበር። «ዐረብኛውን ገና በደንብ ሳላውቀው ዜማውን ስሰማ ሆዴ ይባባ ነበር» አሉን ወይዘሮዋ። «ሰውየው ከተመለሱ ስንት ዘመን አልፏቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን መዝፈናቸውን አልተዉም። እኛ አገር የወታደር ሚስት እንዲህ ያለ ዘፈን የላትም ይሆን?»

ውድ አንባብያን፣ ይህ ጥያቄ ከቢሯችን አብሮን ወጣ። መልሱንም ስንሻ የሄድነው ወይዘሮዋ ወደ ጠቆሙን ወደ ካርቱም ታሪክ ነው።

ካርቱም ነጭ ዓባይ ከጣና ከሚፈልቀው ከእኛው ዓባይ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። ከወንዙ ማዶ ያለችው ኦምዱርማን በድልድይ የተያያዘቻት እኅት ከተማ ስትሆን፣ የሱዳን ዘመናዊ ዘፈን መነኻሪያም እርሷ ናት። እንግሊዞች በጦርነቱ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1940 የሬዲዮ ጣቢያ ያቋቋሙት በዚህችው በኦምዱርማን ነበር። ጣቢያው የተከፈተው ለጦርነት ቅስቀሳ ቢሆንም የዘፋኞች መድረክ ለመሆን ጊዜ አልወሰደበትም። እ.ኤ.አ. በ1942 ዓይሻ አል ፈላቲያ የተባለች ሴት በዚያ ሬዲዮ ዘፈነች፤ በሱዳን ሬዲዮ ድምፅዋ የተሰማ የመጀመሪያዋ ሴት ዘፋኝ እርሷ ናት። ሴት ልጅ በአደባባይ መዝፈኗ እንደ ነውር በሚቆጠርበት ዘመን ይህን ማድረግ ራሱን የቻለ ጀግንነት ነበር። ዓይሻ በጦርነቱ ዘመን ለሱዳን መከላከያ ኃይል ወታደሮችም ዘፍናለች። ከዘፈኖቿ ሁሉ በሕዝቡ ልብ የቀረው፣ የዘመቱት በደኅና ይመለሱ ዘንድ አምላክን የሚለምነው ዘፈኗ ነው። አሮጊቷ ወጥ እያማሰሉ ሲያንጎራጉሩት የኖሩት ይኸው ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። የሱዳን መከላከያ ኃይል ሌላም የታወቀ ዜማ ነበረው። አሕመድ ሙርጃን የተባለ ሙዚቀኛ ዜማውን ያዘጋጀለት የሠራዊቱ መዝሙር፣ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነጻ ስትወጣ የሀገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር ሆኗል። እንግዲህ ከአንድ ሠራዊት ሁለት ዜማ ወጣ ማለት ነው፤ አንዱ ወታደሩን ወደ ፊት የሚያስኬድ፣ ሁለተኛው ወደ ቤቱ እንዲመለስ የሚማጸን። ሕዝቡ አንደኛውን ለሰንደቅ ዓላማው፣ ሁለተኛውን ለማድቤቱ አደረገና ሁለቱንም ጠበቃቸው። «ይህ ያላላል፣ ያ ያጠነክራል» ብሎ አንዱን ሠርዞ ሌላውን አላስቀረም።

ይህ ታሪክ ለእኛ የሩቅ ጎረቤት ወሬ ብቻ አይደለም። እነዚያ የሱዳን ወታደሮች በእኛም አካባቢ ደማቸውን አፍስሰዋል። እስከ መጋቢት 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ድረስ በተካሄደው በከረን ውጊያ ተሰልፈዋል። ንጉሠ ነገሥቱ በካርቱም ወራት ከቆዩ በኋላ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግረው ወደ ጎጃም ሲገቡም፣ ከአርበኞቻችን ጎን ከቆሙት መካከል የሱዳን የድንበር ሻለቃ ይገኝበታል። ከካርቱም አጠገብ በምትገኘው በሶባም በስደት ላይ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ወታደራዊ ትምህርት ተምረዋል። ስለዚህ በኦምዱርማን ስለ ዘማች ባሏ ታዜም የነበረችው ሴትና በጎጃም ወይም በጎንደር ወፍጮዋን እየፈጨች ስለ አርበኛ ባሏ ታንጎራጉር የነበረችው ሴት፣ ቋንቋቸው ቢለያይም ይጠብቁ የነበረው የአንድ ጦርነትን ፍጻሜ ነበር።

ለመሆኑ ሙዚቃ ሰሚውን ምን ያደርገዋል? ጠላት ይህን ከእኛ ቀድሞ የተረዳበት ጊዜ ነበር ለማለት ይቻላል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር፣ ግራዚያኒ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ የሚገኙ አዝማሪዎች ከጠንቋዮችና ከትንቢት ተናጋሪዎች ጋር እየተያዙ እንዲገደሉ ማዘዙን ለሮም በቴሌግራም አስታውቋል። መድፍና አውሮፕላን የታጠቀ ጦር አንድ ክር ባለው መሰንቆ ለምን ተሸበረ? አዝማሪው ለሕዝቡ አዲስ ጥላቻ ወይም አዲስ ፍቅር አላስተማረውም። ሰው ሁሉ በየቤቱ ለብቻው የያዘውን ቁጭት አዝማሪው በአደባባይ ድምፅ ሰጠው፤ ለብቻው የተቆጨ የመሰለውም ሰው ጎረቤቱ እንደርሱ ሲቆጭ አየ። ያን ጊዜ የግል ሐዘን የጋራ ጉዳይ ይሆናል። ግራዚያኒ የፈራው ይህንን ነበር።

ዋናው ነጥባችንም ከዚህ ላይ ነው። ዘፈን በሰሚው ልብ ውስጥ የሌለውን ስሜት አምጥቶ አይጨምርም፤ ያለውን ያወጣል፣ መልክም ይሰጠዋል። በሀገራችን ለቅሶ ቤት ሙሾ አውራጇ ስትጀምር ማን እንደሚያለቅስ እንመልከት። የሟች ቤተ ዘመድ ብቻ አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት ልጇን የቀበረች ጎረቤትም በዚያ ሙሾ የራሷን ልጅ ታለቅሳለች። ሐዘኑን ሙሾዋ አላመጣችባትም፤ ይዛው መጥታለች። ሙሾዋ ያደረገችላት ለሐዘኗ መጀመሪያና መጨረሻ ማበጀት ነው። ዜማው ሲያበቃ ሴትዮዋ ዐይኗን ጠርጋ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ ለብቻዋ ብታለቅስ ኖሮ ግን ማቆሚያው የት እንደሆነ ማን ያውቃል?

የዘመናችን ሳይንስም ስለዚሁ ጉዳይ የሚናገረው አለው። በካናዳ በሞንትሪያል የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች አጥብቀው የሚወዱትን ሙዚቃ ሲሰሙና ሰውነታቸውን ሲነዝራቸው፣ አንጎላቸው ዶፓሚን የተባለውን የደስታ ንጥረ ነገር እንደሚያመነጭ አሳይተዋል። ከዚህም የሚያስደንቀው፣ ንጥረ ነገሩ የሚመነጨው የተወደደው የዜማ ክፍል ሲደርስ ብቻ ሳይሆን፣ ሰሚው «አሁን ሊመጣ ነው» ብሎ በሚጠባበቅበት ጊዜም መሆኑ ነው። መጠበቅ ራሱ የሙዚቃው ግማሽ ነው ማለት ይቻላል። የወታደር ባለቤት ከማንም ይልቅ መጠበቅን የምታውቅ ናት፤ የናፍቆት ዜማ ለምን እርሷን ቀድሞ እንደሚይዛት ከዚህ መገመት አያስቸግርም። በስዊድን በጎተንበርግ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በአንድነት የሚዘምሩ ሰዎች ትንፋሻቸውን በዜማው መሠረት አብረው ስለሚስቡና ስለሚያወጡ የልባቸው አመታት አብሮ እንደሚፈጥንና አብሮ እንደሚዘገይ አረጋግጧል። በሰልፍ ሜዳ አብሮ የዘመረ ወታደር ይህን ያለ ምንም መሣሪያ ያውቀዋል።

ወደ ካርቱም እንመለስ። ወይዘሮዋ «ዐረብኛውን ገና በደንብ ሳላውቀው ሆዴ ይባባ ነበር» ማለታቸው ሌላም ምክንያት አለው። የመካከለኛውና የሰሜን ሱዳን ዜማ እንደ እኛው ዜማ በአምስት ድምፅ የሚዋቀር ነው። በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ቅኝት ያደገ ጆሮ የኦምዱርማንን ዘፈን ሲሰማ ባዕድ ቤት የገባ አይመስለውም። ከክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል የወጣው ጥላሁን ገሠሠ በሱዳን የተወደደው፣ የሱዳኑ መሐመድ ዋርዲም በአዲስ አበባ ብዙ ወዳጅ ያፈራው በዚሁ ምክንያት ነው። ቃሉ ባይገባም ዜማው ይገባል፤ ዜማው ሲገባ ደግሞ ሰሚው የራሱን ቃል ይሞላበታል።

ስለ መሐመድ ዋርዲ ካነሣን ዘንድ ከሥራዎቹ አንዱን ሳንጠቅስ አናልፍም። ዋርዲ የሰሜን ሱዳን ኑቢያዊ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1989 በካርቱም መፈንቅለ መንግሥት ከተደረገ በኋላ ሀገሩን ለቆ በስደት ቆይቷል። በዚያው የስደት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1990፣ በሀገራችን በጋምቤላ፣ ኢታንግ በሚገኘው የስደተኞች ሠፈር ተገኝቶ ለደቡብ ሱዳን ተፈናቃዮች ዘፈነ። ሁኔታውን በዐይነ ሕሊናችን እንቃኘው። ሰሚዎቹ ከካርቱም መንግሥት ጋር በሚደረግ ጦርነት ቤታቸውን ያጡ ሰዎች ናቸው። ዘፋኙ ከሰሜን የመጣ፣ ቋንቋውም የዚያ መንግሥት ቋንቋ የሆነው ዐረብኛ ነው። ሆኖም እጅግ ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ ሰማው። ይህን ዘፈን በሬዲዮ መስማት ይቻል ነበር። በሬዲዮ የማይገኘው ነገር ግን ሰውየው ራሱ መምጣቱ ነው። ከሰሜን የመጣ ሰው በፊታቸው ቆሞ፣ በእነርሱው አቧራ ላይ፣ በእነርሱው ፀሐይ ሥር ዘፈነላቸው። በአካል የሚቀርብ ዘፈን ከቃሉና ከዜማው በላይ «ስለ እናንተ ብዬ መጣሁ» የሚል መልእክት አለው።

ይህንንም ሳይንስ እየመረመረው ነው። የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ጥናት፣ በአካል የሚጫወት ፒያኖ ተጫዋች የአድማጩን የአንጎል ሁኔታ በዚያው ቅጽበት እየተመለከተ አጨዋወቱን እንዲያስተካክል አደረጉ። ተጫዋቹ በአካል ሲጫወት፣ ስሜትን የሚመዝነው የአድማጩ የአንጎል ክፍል ከተቀዳ ሙዚቃ ይልቅ በበለጠ ኃይል እንደሚነቃቃ አገኙ። የእኛ አዝማሪ ግን ለዚህ ሥራ የረቀቀ መሣሪያ አላስፈለገውም። የሰሚውን ፊት ያነባል፤ ሰሚውም ግጥም ይሰጠዋል። «ተቀበል» ሲባል ተቀብሎ፣ የሰሚውን የራሱን ቃል በመሰንቆ አስጊጦ ይመልስለታል። በዚህ ሥርዓት ሰሚው ባለቤትም ነው። በሽኝቱ ምሽት ከትዝታው ጋር የሠረዝነው ነገር ይህ ጭምር መሆኑን የተገነዘብነው ዘግይተን ነው። ያ ትዝታ ቢዘፈን ኖሮ፣ በስተኋላ ከተቀመጡት እህቶች አንዷ ለባሏ በአፏ ልትለው ያልቻለችውን በግጥም ታቀብል ነበር።

ይሁን እንጂ፣ ውድ ጓዶች፣ የሙዚቃን ኃይል ስናወድስ አደጋውን መሸፈን አይገባንም። በሱዳን በኮርዶፋንና በዳርፉር ሐካማት የሚባሉ ሴት ገጣሚ ዘፋኞች አሉ። ጀግናውን በስሙ እየጠሩ ያሞግሳሉ፤ የሸሸውንም በስሙ እየጠሩ ያዋርዳሉ። በአደባባይ በሐካማት የተሰደበ ወንድ በመንደሩ ቀና ብሎ ለመሄድ ይቸገራል። እ.ኤ.አ. በ2003 የዳርፉር ጦርነት ሲፈነዳ ከእነዚህ ዘፋኞች አንዳንዶቹ ወጣቶችን በጎረቤቶቻቸው ላይ አነሣሥተዋል። በኋላም የሰላም ሠራተኞች ወደ እነዚሁ ሴቶች ሄደው፣ በዚያው ድምፃቸው ስለ ዕርቅ እንዲያዜሙ ብዙ ደክመዋል። ቁጣም እንደ ናፍቆት ሁሉ በሰው ልብ ውስጥ አለ፤ ዘፈን ያወጣዋል። ፍቅርን ያወጣ ድምፅ ጥላቻንም ማውጣት ይችላልና፣ መድረክ የሚመራ ሰው የየትኛውን በር ቁልፍ እንደያዘ ማወቅ ግዴታው ነው። ሽለላና ፉከራ ለሀገር ዳር ድንበር ሲሆን ክብር ነው። አንድን ሕዝብ ወይም አንድን ቋንቋ ተናጋሪ ወደ ማንቋሸሽ የሚያዘነብል ግጥም ግን በወታደር መድረክ ላይ ቦታ ሊኖረው አይገባም። ብዕራችንን ማንሣት የሚገባን ከእንዲህ ያለው ላይ ነበር፤ እኛ ግን ያነሣነው ከትዝታው ላይ ነው።

የዚህን ጉዳይ ክብደት ካርቱም ራሷ በቅርቡ በመራራ መንገድ አሳይታናለች። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በከተማዋ ጦርነት ሲጀመር አያሌ ሱዳናውያንና በዚያ ይኖሩ የነበሩ ወገኖቻችን በመተማ በኩል ወደ ሀገራችን ገብተዋል። የወይዘሮዋ አክስት አንዷ ነበሩ። በቀጣዩ ወር፣ ስለ ትውልድ አካባቢዋ ስለ ደቡብ ኮርዶፋን ባህልና ስለ ሰላም በመዝፈን የምትታወቀው ሻደን ጋርዱድ፣ በኦምዱርማን በተኩስ ልውውጥ መካከል ተገደለች፤ አንድ ልጅ ትታለች። ዓይሻ አል ፈላቲያ የዘፈነችበት የኦምዱርማን ሬዲዮ ቅጥር ግቢም ከጦርነቱ መጀመሪያ አንሥቶ በተዋጊዎች እጅ ወድቆ፣ የሱዳን ጦር መልሶ የያዘው መጋቢት 2016 ዓ.ም. ነው። በነዚያ ወራት ሁሉ በግቢው ውስጥ ያለው የዘፈን ክምችት ምን ይሆን እያሉ ብዙ ሱዳናውያን ተጨንቀዋል። ቤቱ የፈረሰበት ሰው ስለ ዘፈን መጨነቁ የሚያስገርመው ይኖር ይሆናል። ሆኖም አንድ ሕዝብ ዘማቹን የጠበቀበት፣ ሙሽራውን የዳረበት፣ ሟቹን የቀበረበት ድምፅ ከጠፋ፣ ቤቱ ተመልሶ ቢሠራም በውስጡ ዝምታ ይነግሣል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለሠፈራችን ምን እንውሰድ?

አንደኛ፣ የናፍቆት ዘፈን ወታደሩን አያላላም። ናፍቆቱን ዘፈኑ አላመጣበትምና። ወታደሩ ልጁን ስሞ ከቤቱ ሲወጣ ናፍቆቱን ከስንቁ ጋር አሥሮ ይዞት ወጥቷል። ስሙ እንዳይጠራ የተከለከለ ናፍቆት በሌሊት ጥበቃ ላይ ለብቻው ይመጣል፤ በጓዶች መካከል የተዘፈነ ናፍቆት ግን የጋራ ሸክም ይሆናል፤ የጋራ ሸክም ደግሞ ይቀልላል። የሚጠብቀው ሰው እንዳለ የሚያውቅ ወታደር ለምን እንደቆመ ያውቃል።

ሁለተኛ፣ በዘፈን መካከል ዐይኑ እንባ ያቀረረ ጓድ መሣለቂያ ሊሆን አይገባውም። ከጎኑ ያለው ጓድ ትከሻውን ይያዘው እንጂ አይሣቅበት። ሐዘኑ ዜማው ካበቃም በኋላ የማይለቀው፣ እንቅልፍና ምግብ የሚነሣው ከሆነ ደግሞ ወደ ሕክምና ባለሙያ እንዲሄድ ማድረግ የጓድነት ግዴታ ነው። ዘፈን ብዙ ነገር ቢያደርግም ሐኪምን አይተካም።

ሦስተኛ፣ እናንተ ባለቤቶች በዝግጅቶቻችን ላይ እንግዶች አይደላችሁም። ቦታችሁም በስተኋላ አይደለም። ከእንግዲህ ለሚዘጋጁ የሽኝትና የአቀባበል ምሽቶች ሁሉ፣ ከኪነት ቡድኑ ጋር ተቀምጠው መርሐ ግብሩን የሚያወጡ ሁለት እህቶች ከመካከላችሁ እንዲመረጡ ሐሳብ አቅርበን ተቀባይነት አግኝቷል።

በመጨረሻም የዚያን ትዝታ ነገር ሳንናገር ዓምዱን አንዘጋም። ስሕተታችንን ካወቅን በኋላ ወዲያው ልናርመው ፈልገን ነበር፤ ነገር ግን መሰንቆ ተጫዋቹ ራሱ የዚያው ሻምበል ወታደር በመሆኑ አብሮ ሄዷል። ስለዚህ ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እህቶቻችን በክበቡ ተሰብስበው፣ ቡናው እየተፈላ፣ ያለ መሰንቆ በጭብጨባና በከበሮ ብቻ ራሳቸው አንጎራጎሩ። ጥያቄውን ያነሡት ወይዘሮም ያቺን የካርቱም አሮጊት ዜማ በራሳቸው የአማርኛ ግጥም ሞልተው አዜሙት። ግጥሙን እዚህ አናትመውም፤ የተላከው ለባለቤታቸው ነውና። በስልክ ተቀድቶ ለሻምበሉ ደረሰ።

የሻምበሉ አዛዥ ከሁለት ሳምንት በኋላ አጭር መልስ ላኩልን። ወታደሮቹ ድምፁን በአንድነት ተቀምጠው ከዳር እስከ ዳር ሰምተውታል። ማንም አልተናገረም። ከዚያም መሰንቆ ተጫዋቹ መሰንቆውን አውጥቶ ያን የሠረዝነውን ትዝታ ተጫወተላቸው። በማግስቱ ጠዋት ሥራው እንደ ወትሮው በሰዓቱ ተጀመረ። አዛዡ በመልእክታቸው መጨረሻ የጨመሩት አንድ ነገር ቢኖር፣ በዚያ ምሽት ወደ ቤት ለመደወል የተሰለፈው ወታደር ከወትሮው በእጅጉ የበዛ እንደነበር ነው።

ሻምበሉ ገና አልተመለሰም። የአቀባበሉን ምሽት መርሐ ግብር ግን ከወዲሁ ማዘጋጀት ጀምረናል። በዝርዝሩ ራስ ላይ፣ በተራ ቁጥር 1፣ ያን ትዝታ በገዛ እጃችን መልሰን ጽፈነዋል።

እስከ ሳምንት በሰላም ቆዩን።